በአንድ ኢርፎን የተሰሙ ስድስት አልበሞች

ለአስራ ሁለት ዓመት ያህል የእንግሊዙን ባንድ የቢትልስን የመጀመሪያ አልበም መጨረሻ ላይ አድርጌ ኖሬያለሁ። ከስድስት ስድስተኛ። ጠያቂ በዝቶብኝ አይደለም፤ ባሕር ዳር ላይ መንገድ አስቁሞ «እስቲ የቢትልስን አልበሞች ደርድርልኝ» የሚል ሰው የለም። የሚጠይቀኝ አንድ ጓደኛዬ ብቻ ነበር። መልሴን ደግሞ በደንብ ያውቀዋል። የሚጠይቀኝ ለመናደድ ነው።

እሱ ያንኑ አልበም አንደኛ ነበር የሚያደርገው።

ስለ ኳስ እንኳ እንደዚያ ተጨቃጭቀን አናውቅም። በኋላ ግን ሰለቸንና ጣዕም ነው፣ ሰው ይለያያል ብለን ተውነው። 2016 ዓ.ም. ላይ አንድ ማታ ቤቴ ውስጥ የሆነው ነገር ግን እስካሁን አለቀቀኝም።

መጀመሪያ ግን የቱን ዘመን እንደምል ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1965 ያለውን ነው፤ ፕሊዝ ፕሊዝ ሚ፣ ዊዝ ዘ ቢትልስ፣ ኤ ሃርድ ዴይስ ናይት፣ ቢትልስ ፎር ሴል፣ ሄልፕ እና ረበር ሶል። በሦስት ዓመት ስድስት አልበም። አንድ አልበም ለማውጣት ስድስት ዓመት የሚፈጅ ዘፋኝ ባለበት አገር ሆኖ ይህን ማሰብ ራሱ ያደክማል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሪቮልቨርንና ሳርጀንት ፔፐርን የሚወዱ ብዙ ስላሉ ለነሱ ትቼላቸዋለሁ።

በግራዬ የሚቀመጠው ሰው

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ ተማሪዎች ነበርን። ስልኩም ሚሞሪ ካርዱም የሱ ነው። ዘፈኖቹን ያስጫነው ከአንድ ሚሞሪ ከሚጭን ሱቅ ሲሆን፣ ልጁ «የነጭ» የሚል ፎልደር ከፍቶ ያለውን ሁሉ ገለበጠለት። ግማሾቹ ስም እንኳ የላቸውም፤ ትራክ 01፣ ትራክ 02 ነው የሚሉት። የትኛው ዘፈን የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ ሴሚስተር ፈጅቶብናል።

የስልኩ ስፒከር አይሠራም ነበር። አንድ ቀን አሳ በልተን ሐይቁ ዳር ጎንበስ ብሎ እጁን ሲታጠብ ስልኩ ከደረት ኪሱ ሾልኮ ጣና ውስጥ ገባ። አውጥተን ሦስት ቀን የፎገራ ሩዝ ውስጥ ቀበርነው። ስልኩ ነፍስ ዘራ፣ ስፒከሩ ግን በዚያው ቀረ። ስለዚህ ያለን አማራጭ ኢርፎን ብቻ ሆነ። አንድ ኢርፎን፣ ሁለት ሰው።

የምንቀመጠው ከጊዮርጊስ ትንሽ አለፍ ብሎ ሐይቁ ዳር ካሉት ድንጋዮች ላይ ነው። እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ከዘጌ በኩል ይመጣሉ፤ ከሩቅ ሲታዩ የሚንቀሳቀሱ አይመስሉም፣ ድንገት ቀና ስትል ግን አጠገብህ ደርሰዋል። እሱ ሁልጊዜ በዘጌ በኩል ይቀመጣል፣ እኔ በአባይ መውጫ በኩል። ማለትም እሱ በግራዬ ነው። ተሳስቼ ቦታውን ከያዝኩበት ምንም ሳይናገር ዞሮ በዚያኛው በኩል ይመጣል። መጀመሪያ አመል መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው የነገረኝ፤ በልጅነቱ ታሞ የግራ ጆሮው አይሰማም። በግራዬ ሲቀመጥ ደህነኛው ጆሮው ወደ እኔ ይሆናል።

በዚህ ነገር ሲያዝን አይቼው አላውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል «የኔ አንዱ ባዳ ብቻ አይደለም፣ ጭራሽ ተሰዷል» ይል ነበር።

እንግዲህ አስቡት። እሱ ቀኙን ኢርፎን በቀኝ ጆሮው፣ እኔ ግራውን በግራ ጆሮዬ። ሽቦው አጭር ስለነበር ትከሻችን ይነካካል። ለሦስት ዓመት አንድም ቀን ተቀያይረን አናውቅም። ምን ብለን እንቀያየራለን?

ክርክሩ

«እንዴት ይሄን ድምፅ ሰምተህ መጨረሻ ታደርገዋለህ?» ይለኛል።

«የቱን ድምፅ?»

«አንተ ደንቆሮ!»

እውነቴን ነበር። ፕሊዝ ፕሊዝ ሚ ለኔ ክላሲካል ነው፣ እኛ ክላሲካል በምንለው ትርጉም፤ ዘፋኝ የሌለው፣ መሣሪያ ብቻ። ጊታሩ ይንኳኳል፣ ከበሮው ይደበደባል፣ ቤዙ ከሥር ይሄዳል። ጨርሶ ሰው የለበትም አልልም፤ ከሩቅ፣ ጎረቤት ቤት ውስጥ እንደሚዘፍን ሰው ያለ ነገር ይሰማል። ለዚያም የራሴ ማብራሪያ ነበረኝ። ጀማሪዎች ናቸው፣ ዘፋኙ ማይኩን ፈርቶ ርቆ ቆሟል እል ነበር። ይህንን ለሌላ ልጅ በሙሉ ልብ ሳስረዳ ትዝ ይለኛል። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

እሱ ደግሞ ስለ ከበሮና ስለ ጊታር ስናገር ግራ ይገባው ነበር። «ምን ከበሮ አለው፣ ሰዎቹ እኮ ዝም ብለው እየዘፈኑ ነው» ይላል። ሰርግ ቤት ሌሊት ላይ ከበሮ መቺው ደክሞት ሲተኛ የሚቀሩት ሰዎች እንደሚያወጡት ያለ ዘፈን ነው ይለው ነበር። እኔ ይህን እንደ ቅኔ ነበር የምሰማው። ለካ ያየውን፣ ይቅርታ፣ የሰማውን ነው የሚነግረኝ።

የምንስማማው በአንድ አልበም ብቻ ነበር። ኤ ሃርድ ዴይስ ናይት። የሱም ሁለተኛ፣ የኔም ሁለተኛ። ሌላው ሁሉ ሲገለባበጥ እሱ ለምን ከቦታው እንደማይነቃነቅ አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም።

ያ ማታ

ጓደኛዬ ተመርቆ ጎንደር ሥራ ሲይዝ ስልክ ቀየረ፣ ካርዱን ለኔ ትቶልኝ ሄደ። እኔም መታወቂያዬ ፕላስቲክ ውስጥ ሸጎጥኩት፣ ረሳሁትም። ኢንተርኔት ካለ ሚሞሪ ካርድ ማን ያስታውሳል? በ2016 ኢንተርኔት በጠፋበት ወራት ግን ሁላችንም ወደ ድሮው ተመለስን። ሰው ፊልም በፍላሽ መለዋወጥ ጀመረ። በጊዜ ቤት መግባት ነው፣ ማታው ረጅም ነው። እኔም ካርዱን ፈልጌ አወጣሁና አዲስ የገዛሁትን ኢርፎን ሰክቼ ጋደም አልኩ። ሁለቱንም ጆሮዬን።

ረበር ሶልን ከፈትኩ። አራተኛው ዘፈን ላይ ደረሰ፣ ኖዌር ማን።

ይህን ዘፈን በደንብ አውቀዋለሁ። መጀመሪያው ላይ ጥቂት ሰከንድ ባዶ ነው። ከዚያ ጊታሩ ይገባል። ባዶነቱን ሲገለበጥ ተቆርጦ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ጓደኛዬ ግን በዚያ ባዶ ውስጥ ነበር ከንፈሩን ማንቀሳቀስ የሚጀምረው። መቼ መጀመር እንዳለበት እንዴት አወቀ እያልኩ እገረም ነበር። በልቡ ይቆጥራል ብዬ ደምድሜያለሁ። ብዙ ጊዜ ስለሰማው ነው እላለሁ። እኔስ ያው እኩል አይደል የሰማሁት?

ያን ማታ ባዶው ላይ ሦስት ሰዎች በቀኝ ጆሮዬ መዝፈን ጀመሩ።

ያለ ምንም መሣሪያ። ሦስት ድምፅ ብቻ፣ ተያይዞ። ተነስቼ ተቀመጥኩ። ወደ መጀመሪያው መለስኩትና ቀኙን ኢርፎን ነቀልኩት። ባዶ። ሰካሁት። ሰዎች። ነቀልኩት። ባዶ። ምናልባት አስር ጊዜ እንደዚህ አደረግኩ። ባለቤቴ ከጎኔ «ጆሮህን አመመህ እንዴ?» አለችኝ። «አይ፣ አልበሙን ነው» አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ከዚያ ወደ ፕሊዝ ፕሊዝ ሚ ሄድኩ። ለመሄድ ትንሽ ፈርቼ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። መጨረሻውን ዘፈን፣ ትዊስት ኤንድ ሻውትን ከፈትኩት። ሰውዬው በቀኝ ጆሮዬ ጉሮሮውን እየቀደደ ይጮሃል። ከጎረቤት ቤት አይደለም። ትራሴ ላይ ነው። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄ ሰው ሲጮህ እኔ ጊታር እየሰማሁ «ክላሲካል ነው» ስል ኖርኩ።

ለምን ተከፈለ

ኢንተርኔቱ ሲመለስ መጀመሪያ የፈለግኩት ይህንኑ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ያን ጊዜ ለንደን አቢ ሮድ ያለው ስቱዲዮ የሚቀዳቸው በሁለት ትራክ፣ ማለትም ለየብቻ በሚቀዱ ሁለት መስመሮች ነበር። ፕሮዲውሰሩ ጆርጅ ማርቲን አንዱን ትራክ ለድምፅ፣ ሌላውን ለመሣሪያ ሰጠው። ይህን ያደረገው በስቴሪዮ ግራና ቀኝ ሊያካፍለን አልነበረም። በኋላ ሁለቱን አመጣጥኖ አንድ ላይ አዋህዶ ሞኖ ለማድረግ እንዲመቸው ነው። ያን ጊዜ የሚሰሟቸው ልጆች ቤታቸው የነበራቸው የሸክላ ማጫወቻ ሞኖ ነው፤ ቢትልሶችም ራሳቸው የሚጨነቁት ለሞኖው ነበር። ስቴሪዮው ሲሠራ ሁለቱ ትራኮች አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሄዱ፣ በቃ። አዝማሪውን ሳሎን፣ ማሲንቆውን ጓዳ አስቀምጦ ቅረጽ እንደማለት ነው።

ከሩቅ የሚሰማኝ የጎረቤት ድምፅም መልስ አገኘ። አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ቆመው እየተጫወቱ ነው የዘፈኑት፤ ድምፃቸው ሾልኮ መሣሪያው ማይክ ውስጥ ገብቷል። ዘፋኙ ማይክ አልፈራም። ያን ሁሉ ዓመት በሌላ ሰው ማይክ ነበር የምሰማው።

ኤ ሃርድ ዴይስ ናይትስ? እ.ኤ.አ. በ1963 መጨረሻ ላይ ወደ አራት ትራክ ገብተው ስለነበር እዚያ ድምፁ መሐል ላይ ተቀምጧል። መሐል ያለ ነገር በግራም በቀኝም ይሰማል። እኔና እሱ አንድ ዘፈን የሰማነው በዚያ አልበም ነው። ሁለተኛ ላይ የተስማማነው ለዚህ ነው። ይህን ያወቅኩ ቀን ሥራ ቦታዬ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ።

ረበር ሶል ላይ ደግሞ አራት ትራክ እያላቸውም ድምፁን አብዛኛውን ወደ ቀኝ ገፍተውታል። ያ እንግዲህ የነሱ ጉዳይ ነው።

እንደገና ስደረድር

ስለዚህ ሁሉንም ከመጀመሪያው ሰማኋቸው፣ በሁለት ጆሮ። የድሮ ደረጃዬን የቀደድኩት በደስታ ነው ብል እዋሻለሁ። ሰው የሚጠላውን ነገር ሲያጣም ትንሽ ይከፋዋል።

ረበር ሶል ከአራተኛ ወደ አንደኛ ወጣ። በኅዳር 1958 በኛ አቆጣጠር የወጣ አልበም ነው፣ በአንድ ወር ገደማ የተቀዳ። ድሮ ቤዙን ስለምወደው ብቻ ነበር አራተኛ ያደረግኩት፤ ድምፆቹ ሲጨመሩበት ለካ ቤዙ ከነሱ ጋር እየተነጋገረ ነው። ግማሽ የስልክ ወሬ ሰምተህ «ይሄ ሰው ለብቻው ምን ያወራል» እንደማለት ነበር የኔ ነገር።

ኤ ሃርድ ዴይስ ናይት ሁለተኛ ነው፤ አልተነቃነቀም። አስራ ሦስቱም ዘፈኖች የባንዱ አባላት የሌኖንና የማካርትኒ ናቸው፣ የሌላ ሰው ሥራ የሌለበት። የመክፈቻዋ አንዷ የጊታር ምት ብቻዋን ሰው ከእንቅልፍ ትቀሰቅሳለች።

ፕሊዝ ፕሊዝ ሚን ሦስተኛ አድርጌዋለሁ። በዚህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ከአስራ አራቱ ዘፈኖች አስሩን የቀዱት በአንድ ቀን ነው፣ የካቲት 4 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ በኛ ሰዓት ከጠዋቱ 4 ጀምሮ እስከ ማታ 5 ሰዓት ገደማ። ጆን ሌኖን ጉንፋን ይዞት ነበር። ትዊስት ኤንድ ሻውትን መጨረሻ ያደረጉት ዘፈኑ ጉሮሮውን እንደሚጨርሰው ስላወቁ ነው። የምንሰማው የመጀመሪያውን ሙከራ ነው፤ ሁለተኛ ሞክረው ድምፁ አልቆ ነበር። ይህን አንብቤ እንደገና ስሰማው፣ የሚጮኸው ሰው የቀኑን ሥራ ጨርሶ የመጨረሻዋን ኩንታል እንደሚያወርድ ወዛደር መሰለኝ። ታዲያ ለምን አንደኛ አላደረግኩትም? ግማሾቹ ዘፈኖች ደከም ስለሚሉ ነው። ይህን ጓደኛዬ ፊት አልደግመውም።

ሄልፕ አራተኛ። ድሮ አንደኛዬ ነበር፤ አሁን ሲገባኝ አንደኛ ያደረግኩት ሰው በደንብ ስለሚሰማበት ነው። የስተርዴይን ለማንም አልነግርም፣ ሁሉም ያውቀዋል፤ ማካርትኒ ብቻውን ከአራት ባለክር መሣሪያ ጋር ነው የዘፈነው፣ የቀሩት ሦስቱ የሉበትም። ዊዝ ዘ ቢትልስ አምስተኛ፣ የጆርጅ ሃሪሰን የመጀመሪያ ዘፈን ስላለበት ብቻ አዝኜለት። ፎር ሴል መጨረሻ። ሽፋኑ ላይ ያለውን ፊታቸውን እዩት፤ ደክሟቸዋል፣ አልበሙም ይደክማል።

መልሰው

ለጓደኛዬ በስልክ ልነግረው ብዙ ጊዜ አነሳሁ፣ ተውኩት። ምን ብዬ? እኔ ሌላውን ግማሽ አገኘሁት፣ አንተ ግን አታገኘውም? የኔ ጆሮ ሁለት ነው። ከዚያ ስልኬ ሴቲንግ ውስጥ ሞኖ ኦዲዮ የሚል ነገር አገኘሁ። ሁለቱን ወገን አዋህዶ በአንድ ጆሮ ያሰማል። ማለትም አንድ ጆሮ ያለው ሰው እነዚያን አልበሞች በ1963 ልጆቹ እንደሰሟቸው፣ ቢትልሶች ራሳቸው እንደፈለጓቸው አድርጎ መስማት ይችላል። ሁለት ጆሮ ካለኝ ከኔ ይልቅ ለዋናው የሚቀርበው እሱ ሊሆን ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

ለዘመድ ሰርግ ሲመጣ ሐይቁ ዳር ይዤው ሄድኩ። ድንጋዮቹ አሉ፣ ዙሪያው ብዙ ተለውጧል። ሳያስበው ዞሮ በግራዬ ተቀመጠ። ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ።

«ስለዚህ ያን ሁሉ ዓመት ደንቆሮው አንተ ነበርክ» አለ።

ሞኖውን አብርቼ ቀኙን ሰጠሁት። ፕሊዝ ፕሊዝ ሚን ከመጀመሪያው ዘፈን ጀመርኩለት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለው ቆጥረው ሲገቡ ቅንድቡ ተነሳ። ከበሮውን ሰማው ማለት ነው። ሐይቁን እያየ ነበር የሚሰማው። ፊቱ ላይ ደስታ ጠበቅኩ። ዘፈኑ አለቀ። ሁለተኛው ጀመረ። ኢርፎኑን ከጆሮው አወጣው።

«ከበሮው በዛ» አለ።

«እንዴ፣ እነሱ እኮ የፈለጉት ይሄንን ነው!»

«እነሱ ይፈልጉ። እኔ ሲተነፍሱ እሰማቸው ነበር። ከዘፈኑ በፊት አየር ሲስቡ። አሁን ትንፋሻቸው የለም።» ኢርፎኑን በጣቶቹ መሐል ይዞ ጠበቀኝ። «መልሰው።»

«ሙሉው ይሻላል ብዬ እኮ ነው።»

«ላንተ ይሻላል። መልሰው አልኩህ።»

ሞኖውን አጠፋሁት። ቀኙን መልሶ ሰካ፣ ግራውን ለኔ ዘረጋልኝ። ሁለት ጆሮ ያለው ሰው ግራውን ብቻ መስማት ምን ያደርግለታል? ተቀበልኩት። ረበር ሶልን ፈልጌ አራተኛው ላይ አደረግኩት።

በጆሮዬ ምንም የለም። ዞር ብዬ ከንፈሩን አየሁት። ጀምሯል።